ግራኟ የቀረጸችው ብርሃን

ጥቁሯ ጨረቃ ከከተማው አናት ላይ ንቅንቅ አትልም። ሌላኛዋ፣ ነጯ፣ እንደ ሥራ ፈት ጎረቤት ስትወጣና ስትገባ ትውላለች። ጥቁሯ ግን ቀንም ሌትም እዚያው ናት፤ ከቤተ ብርሃኑ ጣሪያ በላይ፣ ወፍራሙ ገመድ ደመና ውስጥ ገብቶ ከሚጠፋበት በላይ። ገመዱን ማን እንደዘረጋው የሚያውቅ የለም። የጥንት ሰዎች ናቸው ይባላል፤ መቼም የማይታወቅ ነገር ሁሉ የሚለጠፈው በእነሱ ላይ ነው። በገመዱ ላይ የሚወጣውን የብረት ሳጥን ሰዉ «መሰላል» ይለዋል። ሰው ይዞ ይወጣል፣ በስምንተኛው ቀን ባዶውን ይመለሳል። የወጣው ሰው ጥቁሯ ጨረቃ ላይ ደርሶ መብራቱን ያበራል፤ መብራቱ እስካለ ድረስ ጨረቃዋ አትወድቅም፣ ከተማውም በሰላም ውሎ ያድራል። ቤተ ብርሃኑ የሚያስተምረው ይህንን ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ ማስረጃም አለ። በአዳራሹ መሀል «ዓይን» የሚባል ረጅም የናስ ቱቦ ወደ ጨረቃዋ ተተክሏል። ሰው የወጣበት ቤተሰብ በየሳምንቱ ተራውን ጠብቆ ይቀመጥና ያያል። በጥቁሩ የጨረቃ ፊት ላይ አንዲት ሚጢጢ ብርሃን ትታየዋለች፤ የእናቱ፣ የወንድሙ፣ የልጁ። «አየሁ» ይላል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ያቺን ብርሃን የምትሠራው ግራኟ ናት።

ሥራው ለመናገር ቀላል ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ መስታወት አጉሊ መነጽር ሥር ታስገባለች፤ ጫፉ አልማዝ በሆነ መርፌ መሀሏ ላይ አንዲት ነቁጥ ትቀርጻለች። ነቁጧ በባዶ ዓይን አትታይም። መስታወቷ ቱቦው ውስጥ ስትገባና ከጎን የተደበቀው ኩራዝ ሲለኮስ ነው ብርሃን ሆና የምትወጣው። ለወጣ ሰው ሁሉ የየራሱ መስታወት፣ ለመስታወቱም የታሸገ ሳጥን አለው። «የእርስዎ ሰው የሚታየው ለእርስዎ ነው» ይባላል። ሰዉም ያምናል። ምን ያድርግ? ልቡ የተሰበረ ሰው ቱቦ ፈታቶ አይመረምርም።

አባቷ መነጽር ሠሪ ናቸው። ከከተማው ሽማግሌ ግማሹ የሚያነበው በእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ሚስታቸው ቀድመዋቸው ስለሞቱ ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በሥራ ጠረጴዛቸው ሥር ነው። ትልቋ ገና በአምስት ዓመቷ መስታወት ማሸት ጀመረች፤ በግራ እጇ ስለምትሠራ ሰፈሩ «ግራኟ» አላት፣ ስሙም በዚያው ጸና። ታናሿ ደግሞ እጇ ሥራ አልነካም። መስታወት ከያዘች ትሰብራለች፣ ከሰበረች ትስቃለች፣ አባቷ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ እሳቸውንም ታስቃቸዋለች። እሷን «ፍልቅልቋ» አሏት።

ቤተ ብርሃኑ ግራኟን ለሥራ ሲወስዳት የቤቱ አለቃ አስቀምጠው ነገሯት። «ሰዎቹ ይደርሳሉ» አሏት፤ «መብራታቸው ግን ከዚህ አይታይም፣ ሩቅ ነዋ! እኛ የሰዉን ዓይን እናግዛለን እንጂ አንዋሽም።» ነገሩ ለጆሮ ደስ ይላል። እሷም አመነች፤ ወይም ማመኑ ተመቻት፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬም ራሷን አትጠይቅም። ስለዚህ ከስድስት ዓመት በፊት የሚወጣ ሰው ሲፈለግ ፍልቅልቋ በአዳራሹ መሀል እጇን አውጥታ «እኔ ልሂድ!» ስትል ግራኟ አልከለከለቻትም። የካፖርቷን ቁልፎች የቆለፈችላትም እሷው ናት። መሰላሉ ሲነሳ ታናሿ በመስኮቱ እየሳቀች ምላሷን አወጣችባት።

በሁለተኛው ዓመት የመሰላሉ መስኮት ደብዝዟልና ቀይሪው ተባለች። አሮጌውን መስታወት ነቅላ ወደ ፀሐይ ያዘችው። ተጭሯል። አቧራና በረዶ የሚጭሩት ከውጭ ነው፤ ይሄ ግን ከውስጥ ነው፤ አራት አራት፣ አምስት አምስት ሆኖ ከላይ ወደ ታች። ዞራ የበሩን መወርወሪያ አየችው። ጫፍ ሲደርስ በራሱ እንዲከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው። ከደመናው በላይ የሚተነፈስ አየር እንደሌለ ደግሞ ገመዱን ቅባት የሚቀቡት ሠራተኞች ሁሉ ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ከዚያ አልፈው የማይወጡት። መስታወቱን ሰባብራ ጓሮ ቀበረችው። ለሰው ትንፍሽ አላለችም።

አባቷ ግን በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለብሰው። የግራኟ የሥራ ክፍል ከአዳራሹ ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ ሁሉን ትሰማለች። መጀመሪያ ወንበሩ ሲጥ ይላል፤ ከዚያ ትንሽ ዝምታ፤ ከዚያ «አየሁ»። የገዛ አባቷን በየሳምንቱ ታሞኛለች ማለት ነው። ግን ያቺን ነቁጥ ብትነጥቃቸው ምን ይቀራቸዋል?

ዘንድሮ ያቺ ዝምታ ጠፋች። ወንበሩ ሲጥ ከማለቱ «አየሁ» ይላሉ፣ ይነሳሉ። ግራኟ ገባት። አይታያቸውም።

«አባባ፣ ዛሬ እንዴት ነበረች?» አለቻቸው አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«ደህና ናት፣ ደህና ናት» አሉ ሾርባቸው ላይ እንዳቀረቀሩ።

«ይታይዎታል ግን?»

«ድሮ ‹ዓይኔን ግንባር ያድርገው› እያልኩ እምል ነበር። አሁን ሳልምልም እያደረገው ነው» ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ የእህቷን ሳጥን ከመደርደሪያው አወረደች። ነቁጧን የፀጉር ያህል ብቻ ልታሰፋት፣ ለአሮጌ ዓይን እንድትበቃ። መስታወቱ ግን አርጅቶ ኖሮ መርፌው ሲነካው የነቁጧ ጠርዝ ተፈነከተና እጥፍ ሆነች። ሕጉን ታውቀዋለች። ብርሃን ከሰፋ የወጣው ሰው ቤተሰቡን እየጠራ ነው ይባላል፤ በስምንት ቀን ውስጥ ከዚያ ቤት አንድ ሰው መውጣት አለበት፤ እንቢ ካሉ ቤቱ በሙሉ ይወጣል። አዲስ እንዳትቀርጽ ባዶ መስታወት አልቆባታል፤ የሚመጣው በሳምንቱ ነው። ደግሞስ ከአባባ በቀር ማን ያየዋል? ከዓይኑ አጠገብ ቆሞ የታየውን ለሕዝቡ የሚያውጀው መስካሪው እንኳ ከእሳቸው በኋላ ጎንበስ ብሎ አይቶ አያውቅም። አባባ እንደሆኑ ነገር አያበዙም። ይህችን አንድ ሳምንት ብቻ ብላ መልሳ አሸገችው።

አባባ መጡ። ወንበሩ ሲጥ አለ።

«ውይ! ዛሬስ ደመቀች!» ብለው ጮኹ። «ደመቀችልኝ ልጄ!»

ወዲያው ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ግን የወጣ ቃል አይመለስም። ግራኟ የመስካሪውን ጫማ ኮቴ ሰማች፤ ጎንበስ ሲል ልብሱ ሲንኮሻኮሽም ሰማች። «ሰፍቷል!» አለ መስካሪው፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ። «ብርሃኑ ሰፍቷል! ጥሪ ነው!» ሦስት መቶ ሰው በአንዴ ሲንበረከክ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። መርፌው ከእጇ ወድቆ ጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ።

በማግስቱ ጠዋት አለቃው ቢሮ ገባች። አለቃው ያበጠ ጉልበታቸውን በቅባት እያሹ ነበር፤ ሳያቋርጡ እንድትቀመጥ በአገጫቸው አመለከቷት። አልተቀመጠችም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ መስታወቱ ተፈነከተብኝ። ጥሪ የለም» አለች።

«አውቃለሁ፤ አስመጥቼ አየሁት።»

«እንግዲያው ለሰዉ ይንገሩልኛ!»

«ምን ብዬ?»

አለቃው ቅባቱን ከደኑት። «ልጄ፣ የተንበረከከን ሕዝብ በምን አፌ ነው ‹ተነሱ፣ መስታወት ተሰብሮ ነው› የምለው?»

«እኔ ልውጣ እንግዲያው። ከቤታችን አንድ ሰው ነው የሚፈለገው።»

«አንቺ የትም አትሄጂም፤ እንዳንቺ ያለ እጅ ከየት ላምጣ? ደግሞም ነገሩ አልቋል። አባትሽ በሩ ሳይከፈት ነው የደረሱት» ብለው ወረቀቱን አሳዩዋት። የአባቷ ፊርማ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ፣ አንድም ቦታ ያልተንቀጠቀጠ።

ቤት ስትደርስ አባቷ መነጽሮቻቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ የባለቤቶቹን ሥራ እየጻፉባቸው ነበር። «ይሄ የዳቦ ጋጋሪው ነው» አሏት ቀና ሳይሉ፤ «ጆሮው ላይ ይጠብቀዋል፣ ላላ አድርጊለት። የአስተማሪዋ ቅዳሜ ይደርሳል ብያታለሁ፤ አንቺ ትጨርሺዋለሽ።»

«አባባ፣ ያቺ ብርሃን ውሸት ናት። የሠራኋት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«መስታወት ላይ ያለች ነቁጥ ናት! በኩራዝ ነው...»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ። ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ነቁጥሽ ጭራ አላት፣ ወደ ግራ ታዘነብላለች። መርፌውን ስታነሺ ትጎትቺዋለሽ፤ ‹አትጎትቺ፣ ቀጥ አድርገሽ አንሺ› እያልኩ ስጮህብሽ የኖርኩት ማን ላይ ነው? ልጅ ሆነሽም አልሰማሽኝ፣ ትልቅ ሆነሽም አልሰማሽኝ።»

ግራኟ የእህቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ሊያደርጉ ይመጡ ነበር?»

«ከግድግዳው ጀርባ አለሽ። ‹አየሁ› ስል ትሰሚያለሽ። ብቀር ምን ይሰማሽ ነበር?» መነጽሩን ጠቅልለው ሌላ አነሱ። «ደግሞ ነቁጧ ጥሩ ነቁጥ ናት። የእጅሽን ሥራ ሳይ ደስ ይለኛል። ለወራት ጠፍታብኝ ከርማ ድንገት ቦግ ስትልብኝ ራሴን ረሳሁ። ምላሴን በቆረጠው!»

«እኔ ነኝ ያሰፋኋት፤ እንዲያዩዋት ብዬ።»

«ገብቶኛል የኔ ልጅ። ይሁን። ብርሃኗ ውሸት ብትሆንም ልጅቷ ደርሳለች፤ ሄጄ አያታለሁ። ይሄኔ እዚያም የሰው ዕቃ ስትሰብር ይሆናል።» ይህንን ሲሉ ፊታቸው ፈካ።

ግራኟ ያን ፊት አይታ ዝም ማለት ይገባት ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰበችው ይህንኑ ነው። ግን ሌላ ማስቀሪያ አልነበራትም። ስለ መስኮቱ ነገረቻቸው፤ ስለ ጭረቶቹ፣ ስለ በሩ መወርወሪያ፣ ስለ አየሩ። አባቷ እስክትጨርስ ሰሟት።

«ከውስጥ ነው?» አሉ።

«ከውስጥ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ? አቧራም እኮ አንዳንዴ...»

«አባባ፣ መስታወት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት፤ መልሰው ወለወሉት፤ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ደግመው ወለወሉት። ከዚያ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አለቀሱ፤ ድምፅ አውጥተው፣ እንደ ሕፃን። ግራኟ አባቷ እንዲህ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም። በእናቷ ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀሱም።

«ይቅሩ አባባ። ፊርማውን እሰርዛለሁ፤ እኔ እወጣለሁ» አለች።

«አብደሻል እንዴ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት፤ የተጠቀለሉት መነጽሮች ዘለሉ። «ይህንን ሁሉ ነግረሽኝ፣ በአፍሽ ነግረሽኝ፣ አሁን አንቺን ልላክሽ?»

እንጥፋ አለቻቸው። ከግንቡ ውጭ የጨው ሜዳ እንጂ ሌላ ነገር የለም፤ በእሳቸው እግር ግማሽ ቀን አይሄዱም። ሁለቱም ያውቁታል፤ ስለዚህ አልተከራከሩበትም። ልታስቀራቸው ብላ ተስፋቸውን ነጠቀቻቸው፤ መንገዱ ግን አልቀረም።

«እንግዲያው እኔም የማደርገውን አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «የእርስዎን መስታወት አልቀርጽም። ባዶውን አሽጌ አስገባዋለሁ። ሰው ሁሉ ባለበት ዓይኑ ላይ ቁጭ ብዬ ‹አላየሁም› እላለሁ።»

‹አላየሁም› ያለ ሰው ክፋት ጋርዶታል ተብሎ በሚቀጥለው መሰላል ይወጣል። አባቷ ይህንን አላስታወሷትም። «የእናትሽ እልህ» አሉና የዘለሉትን መነጽሮች ቦታ ቦታ ማስያዝ ጀመሩ።

የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ቢጠይቅ አይከለከልም። ሌላው የሚወደውን ምግብ ይጠይቃል፤ ወይ የሚወደው ዘፈን ይዘፈንለታል። አባቷ ልጃቸው የምትሠራበትን ክፍል ማየት አማረኝ አሉ። አለቃውም ከእንግዲህ ምን ያወራሉ ብለው ፈቀዱ።

በዋዜማው ከቀትር በኋላ መጡ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው አጉሊ መነጽሩን ወደ ታች ወደ ላይ አሉት፤ መርፌዎቿን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «መብራቱን በቀኝ አድርገሽዋል። ጎሽ፤ ለግራኝ እንደዚያ ነው» አሉ። አዲሱ ባዶ መስታወት ጨርቁ ላይ ተቀምጧል። አዩት።

«ውሃ ጠማኝ የኔ ልጅ። ከጓሮው፣ ቀዝቃዛውን።»

ጓሮው ራቅ ይላል፤ ቧንቧው ላይ ደግሞ ልብስ አጣቢዎቹ ተሰልፈው ነበር። ተመልሳ ስትመጣ አባቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ውሃውን አንድ ጊዜ ተጎንጭተው መለሱላት። የቀኝ እጅጌያቸው ጫፍ ላይ የመስታወት ብናኝ አየች፤ አራገፈችላቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታራግፍላቸው የኖረችው ብናኝ ስለሆነ ምንም አልመሰላትም። «ጥሩ ጠረጴዛ ነው» አሏት ሲነሱ። ከሄዱ በኋላ መስታወቱን ሳታየው ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ አሸገችው።

ሲወጡ ሕዝቡ እየዘመረ ነበር። የመሰላሉ በር አፍ ላይ ግራኟ የሸሚዛቸውን አንገትጌ አስተካከለችላቸው። አባቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«አይዞሽ» አሏት። «እኔ መስታወት አልቧጭርም። ዕድሜ ልኬን ስወለውለው ኖሬ!»

በስምንተኛው ቀን መሰላሉ ባዶውን ተመለሰ። ግራኟ መስኮቱን ላጽዳ ብላ ገባች። አንድም ጭረት የለበትም። መሀሉ ላይ የተዘረጋ መዳፍ አሻራ ብቻ ነበረ፤ ከውስጥ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጨርቁን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ድምፅ እንዳይሰማ። አሻራውን አላጸዳችውም።

በዚያው ቀን አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ግራኟ ይህን ያህል ዘመን ስትሠራ እንደ ቤተሰብ ዓይኑ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ወንበሩ ሲጥ አለ። መስካሪው ሳጥኑን በሰዉ ፊት ፈትቶ መስታወቱን አስገባ። ጎንበስ አለች። ጨለማ ነው። «አላየሁም» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ስምንት ቀን ስትለማመደው ነው የከረመችው። ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀች።

ብርሃን አለ።

እሷ አልሠራችውም። መስታወቱን ባዶውን ነው ያሸገችው፤ በገዛ እጇ። ብርሃኑ ግን እዚያ ነው፤ በጥቁሩ ፊት ላይ፣ ሚጢጢ፣ ጽኑ። ስንቱን ሰው በነቁጥ ያሞኘችው ግራኟ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አመነች። ደርሰዋል። አባባ ደርሰዋል፤ መብራታቸውን አብርተዋል፤ ፍልቅልቋም አጠገባቸው አለች። ደስታው ደረቷን ሊፈነቅለው ደረሰ። «አባባ» አለች በሹክሹክታ።

ከዚያ ጭራዋን አየች። ትንሽዬ ጭራ፤ ወደ ቀኝ ያዘነበለች። ቀኝ እጅ መርፌውን ሲያነሳ ትንሽ ሳብ አድርጎታል፤ ደክሞ ይሆናል፣ ወይም ቸኩሎ፣ ልጅቱ ውሃ ይዛ ከመመለሷ በፊት። ከጎኗ የኩራዙ ሙቀት ተሰማት። እሳቸውም ሲያነሱ ይጎትቱ ኖሯል።

«ምን አየሽ?» አለ መስካሪው ጮክ ብሎ።

ግራኟ ዓይኗን ከናሱ ላይ ማንሳት አልቻለችም። «ምንም» ብትል ያቺን ነቁጥ የለችም ማለት ነው፤ የአባቷን የመጨረሻ ሥራ። እሷ እንድትኖር ብለው ነው የቀረጹላት፤ እሷም መኖሩን አልፈለገችውም ነበር።

«አየሁ» አለች።

ሕዝቡ እልል አለ። ግራኟ እንባዋ በቱቦው ላይ እየወረደ ተቀምጣ ቀረች። ከግድግዳው ጀርባ ያለው ክፍል ባዶ ነበር፤ ቃሏን የሚሰማላት ሰው አልነበረም።